ያላወጣሁት እጅ

ያን ዕለት እጄን ያላወጣሁት ሳላውቅ ነው ወይስ እያወቅሁ? ይህን ጥያቄ ከራሴ ጋር ስነጋገርበት ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ መልሱን አላገኘሁትም። «ያኔ ምን አውቄ» ብዬ ልዘጋው ሞክሬአለሁ። አልተዘጋም። የተማሪ ደብተር ሳርም አንዲት ነጥብ አላልፍም ይሉኛል፤ እውነት ነው። ራሴ ላይ ስደርስ ግን ብዕሬ ይቆማል። ትክክል ብዬ ምልክት አላደርግበትም፣ ስሕተት ብዬም አልሰርዘውም።

ነገሩ የሆነው ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ነው። በወላይታ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ተባለና፣ ወላይትኛ አጥርተው የሚናገሩና የሚጽፉ አስተማሪዎች ተፈለጉ። እኔ ያኔ ቤሌ ከተማ የምኖር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ገና የጨረስኩ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ነበርኩ። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። አብረውኝ የተቀመጡት ልጆች የወተት ጥርሳቸው ገና እየወለቀ ነበር፤ እኔ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞሬ ነበር የምቀመጠው። የማውቀውን አውቃለሁ ለማለት ግን አላፍርም ነበር። አስተማሪው ጥያቄውን ሳይጨርስ እጄ ወጥቷል። ልጆቹ «እማማ እጅ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከተለኝ።

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ቤሌ ገበያ ዳር፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪናውን አስቀምጦ ይሰፋል። ስንጋባ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። የሰው ባል «አሁንስ ይበቃሻል» በሚልበት ጊዜ የኔው ደብተሬን በቁርጥራጭ ጨርቅ ይሸፍንልኝ ነበር፤ ሒሳቡን በሰማያዊ፣ አማርኛውን በቡናማ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሶዶ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ስማር፣ ዓርብ ዓርብ የሶዶ መኪና ከሚቆምበት ቦታ ሄዶ ይጠብቀኝ ነበር።

በትዳር ስምንት ዓመት ስንኖር ልጅ አልመጣም።

መስከረም ላይ የዩኒፎርም ስፌት ሲበዛበት ገበያተኛው ይነካካው ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ የሰውን ልጅ ሁሉ ለክተህ ጨረስክ። የራስህን መቼ ነው የምትለካው?»

«የኔ ጨርቁ ገና አልመጣም» ይላል፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሣ።

«ጨርቁ ነው ወይስ መቀሱ?»

«መቀሱም ደንዟል። አንተ ዘንድ ሞረድ ካለ አምጣ።»

ሰዉ ይስቃል፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

እናቱ ግን አይስቁም ነበር። አንድ የገበያ ቀን ከገጠር መጥተው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እኔ ከበስተኋላ፣ ጨርቅ ከምናስቀምጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። መኖሬን ያወቁ አልመሰለኝም፤ አውቀውም ይሆናል።

«ልጄ፣ ስምንት ዓመት ስንት ክረምት ነው?» አሉት። «ያላበቀለ መሬት ይተዋል፤ ሌላ ይታረሳል።»

«መሬቱ ደህና ነው እናቴ። ዘሩ ነው።»

«ምን አልክ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ጎረምሳ ሆኜ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ አልነበረም? ፊቴ አብጦ? እሱ ነው ያበላሸኝ።»

እናቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና «ይህን ለሌላ ሰው እንዳትናገር» አሉት።

እሱ ግን ተናገረ። በኔ ላይ ጣት የሚቀስር ሰው በመጣ ቁጥር ያችኑ ቃል ያወጣታል። ለምን እንዲህ እንዳለ በጠየቅሁት ጊዜ «ዝም እንዲሉ ብዬ ነው» አለኝ፤ መጀመሪያ ላይ ያ ብቻ ነበር። በኋላ አንድ የክሊኒክ ጤና ረዳት ሱሪ ሊያስለካ መጥቶ፣ ጆሮ ደግፍ በጉርምስና ጊዜ ከያዘ እውነትም ወንድን መካን ሊያደርግ እንደሚችል ነገረው። ከዚያ ወዲያ ባሌ ያን ቃል ሲናገር ፊቱ ላይ ጨዋታ አልነበረም። እኔን ሊከላከልበት ያወጣው ቃል ራሱን አሳመነው። እኔንም አሳመነኝ። ነርስ መክራኝ የወር አበባዬን ቀን ለዓመታት በአንድ ደብተር እመዘግብ ነበር፤ ያን ካመንኩ በኋላ መዝገቡን ተውኩት። የመጨረሻው መስመር እጄን ካላወጣሁበት ቀን ስድስት ወር ቀድሞ ያበቃል። ስለዚህ ደብተሩም አይመሰክርልኝም፤ አይመሰክርብኝምም።

ወደ አስተማሪዎች ማሰልጠኛ የሚገቡ ሰዎች ዝርዝር ሲለጠፍ ስሜ ነበረበት። ከፎርሙ ጋር የደረት ራጅ ያለበት የጤና ማስረጃ እንድናያይዝ ታዘዝን። ለሴቶቹ የተቀጠረው ቀን በመስከረም ማለቂያ ነበር፤ ቦታው ሶዶ፣ የሆስፒታሉን ስም እዚህ አልጠራውም። ከራጁ በፊት ማድረግ ያለብንን የሚዘረዝር አንድ ወረቀትም ተሰጠን። ገላ መታጠብ፤ ጸጉርን ከትከሻ በላይ ማሰር፤ ከወገብ በላይ ምንም ዓይነት ብረት አለማድረግ። ወረቀቱን ለባሌ ሦስት ጊዜ አነበብኩለት።

«ዚፕ ብረት ነው» አለ።

«ነው።»

«የጡት መያዣሽ ማያያዣስ?»

«ይወልቃላ።»

«የቀሚስሽ ቁልፍ?»

«ያንተ ቁልፎች ፕላስቲክ ናቸው። ወረቀቱ ብረት ነው የሚለው።»

«ለማንኛውም ይውጣ። አንዱ ተጠራጥሮ ቢመልስሽ፣ ያን ሁሉ መንገድ ደግመሽ ልትሄጂ ነው?»

የሰው ዩኒፎርም ተደርድሮ እየጠበቀው፣ ብረትም ቁልፍም የሌለበት ቀሚስ ሰፋልኝ፤ በጎን በኩል በጨርቅ ጥብጣብ የሚታሰር። ሲለካኝ ሜትሩን ደረቴ ላይ ጠምጥሞ ቁጥሩን አየ፤ ፈታና እንደገና ለካ።

«ሁለት ጣት ጨምረሻል።»

«ጎደሬው ነው» አልኩት። ያን ሰሞን ከቁርስ እስከ እራት ጎደሬ ነበር የምንበላው።

ሳቀ። ከዚያ ያለፈ አልተባባልንም። ስለ ሁለቱ ጣት ብዙ አስቤአለሁ። ስለ ጎደሬው ስናገር እውነቴን ነበር? የወር አበባዬ መዘግየቱን አውቅ ነበር፤ ስንት ቀን እንደዘገየ ግን አላውቅም ነበር። መዘግየቱ አዲስ ነገር አልነበረም። ስምንት ዓመት ሙሉ ዘግይቶ ዘግይቶ መጥቷል፤ ተስፋ ባደረግሁ ቁጥር አሳፍሮኛል። እንዲህ ብዬ ስጽፈው ምክንያቱ ሙሉ ይመስላል። ግን ያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት ከጎረቤት የሚመጣ የቆጮ ሽታ ይከብደኝ ነበር፤ ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ባሌ ስፌቱን ጥሎ መሄድ ስላልቻለ ሶዶ ብቻዬን ሄድኩ። የራጅ ክፍሉ በአንድ ረጅም ኮሪደር ጫፍ ነበር። ሴቶቹ አሥራ አራት ነበርን፤ በግድግዳው በኩል ተሰለፍን። የወንዶቹ ተራ ከሰዓት በኋላ ቢሆንም ቀድመው መጥተው ፊት ለፊታችን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እርስ በርስ ከጸጉራችን የጸጉር መያዣ፣ ከቀሚሳችን ጫፍ መርፌ ቁልፍ እየነቀልን አንዳችን ላንዳችን እናስይዝ ነበር። ከፊቴ የቆመችው ልጅ ከተበላ ከተማ የመጣች ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው።

ራጅ የሚያነሣው ሰው ወፍራም፣ ነጭ ጋውኑ የወየበ ሰው ነበር። መብራት ሳይጠፋ ለመጨረስ ይቸኩላል። በሰልፉ በኩል እያየን ሲያልፍ ልጅቷ አንገት ላይ ቆመ።

«ይኼስ?»

«ማተቤ ነው።»

«ብረት አለበት።»

«ወደ ጀርባዬ ላዙረው?»

«እመቤት፣ ራጅ ፊትና ኋላ አያውቅም። መስቀልሽ ሳንባሽ ውስጥ ተተክሎ ነው የሚታየው።»

ልጅቷ ዞር ዞር ብላ አየች። የምታውቀው ሰው አልነበራትም። ፈታችና «ያዢልኝ እታለም፤ መሬት እንዳትጥዪብኝ» ብላ ሰጠችኝ። እኔ በወንጌል አማኞች ቤት ያደግሁ ነኝ፤ ማተብ በእጄ ይዤ አላውቅም። አደራው ከበደኝና በሁለት እጄ ያዝኩት።

«አንቺ አግብተሻል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አዎ።»

«እንዳታረግዢ ታዲያ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ለሚመጣው ዓመት ተመለሺ ነው የሚሉት። የአጎቴን ልጅ መልሰዋታል።»

ይህ ነገር በወረቀቱ ላይ አልነበረም። ማንንም አልጠየቅሁም። የተጻፈ ካላየሁ የማላምነው ሴትዮ፣ ያን ወሬ እንዳለ ተቀበልኩት። የሚመጣው ዓመት የሚባል ነገር ለኔ አልነበረም። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ከኔ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው ብዙ ልጃገረዶች ወላይትኛ ይጽፋሉ።

ሰውየው የፊልም ሣጥን ታቅፎ ተመልሶ ወጣ። በሩ ላይ ቆመና እንደ አስተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁላችንንም ባንድ ላይ ጠየቀን።

«ነፍሰ ጡር የሆነች አለች? ካለች እጇን ታውጣ።»

ከአግዳሚው ላይ አንዱ ወንድ «ያላገቡትንም ይጨምራል?» አለ። ወንዶቹ ሳቁ።

«አፍህን ዝጋ። ሴቶቹን ነው የጠየቅሁት» አለው ሰውየው፤ ግን እሱም ፈገግ ብሏል።

ማንም እጇን አላወጣችም። አንዳንዶቹ አጎነበሱ። እኔ አላጎነበስኩም፤ ቀጥ ብዬ በሩን ነበር የማየው። እጆቼ ማተቡን ይዘው ነበር፤ ለብዙ ጊዜ ራሴን ያጽናናሁት በዚህ ነው። ማተብ ግን በአንድ እጅም ይያዛል።

«የለችም? ጥሩ። አንደኛዋ ትግባ።»

ተራዬ ሲደርስ ማተቡን ለባለቤቷ መልሼ ገባሁ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ የመድኃኒት ሽታ አለው። የባሌን ጥብጣብ ፈታሁ። ሰውየው ደረቴን ከአንድ ጠፍጣፋ ነገር ጋር እንዳጣብቅ፣ አገጬን ከላዩ እንዳስደግፍ፣ እጆቼን ወገቤ ላይ አድርጌ ክርኔን ወደ ፊት እንድገፋ አዘዘኝ። ጠፍጣፋው እንደ ጠዋት ብረት ይቀዘቅዛል። እሱ ከመከለያ ጀርባ ሄደ። ለኔ ደህና የሆነ ነገር እሱን ለምን እንደሚያስሸሽ ያን ጊዜ አሰብኩ፤ አስቤም ዝም አልኩ።

«አየር ሳቢ። ያዢው። አትንቀሳቀሺ።»

ያዝኩት። አንድ ነገር ቀጭ አለ።

«ተንፍሺ። ጨርሰሻል።»

ከዚያ ያነሰ ጊዜ የወሰደ ትልቅ ነገር በሕይወቴ አላውቅም።

ፊልሞቹ ታጥበው እስኪደርቁ መስኮት አጠገብ እንደ ልብስ ተሰቅለው ነበር። ቁጥሬን አይቼ የኔን ለየሁት። ጎድኖቼ፣ የትከሻዬ አጥንት፣ ወደ ግራ ያዘመመ ልቤ። ከጎድኖቼ በታች ጥቂት ቦታ ይታያል፤ ከዚያ ፊልሙ ያልቃል። ያ ጫፍ ላይ ዓይኔ ቆሞ ቀረ። ከበታቹ ያለውን ማንም አላየውም፣ ማንም አልጠየቀውም። ወረቀቴ ላይ «ጤነኛ ናት» ተብሎ ተጻፈ።

ማሰልጠኛው የሚገኘው በሌላ ከተማ ነው። ጥቅምት ላይ ገባሁ። በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከቧንቧው ሥር ልብስ ሳጥብ ወገቤን ያዘኝ። እስክነሣ ድረስ ደሙ እግሬ ደርሶ ነበር። ለማንም ሳልናገር ነጠላ ወገቤ ላይ ጠምጥሜ በአቅራቢያ ወዳለው ክሊኒክ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ነርስ በዕድሜ የገፋች፣ ፈጣን እጅ ያላት ሴት ነበረች። ጨርሳ እጇን ስትታጠብ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነገረችኝ።

«ወርዷል፣ እህቴ። አሥር፣ አሥራ አንድ ሳምንት ይሆነዋል።»

«አይሆንም» አልኩ። «ባሌ መካን ነው።»

ዞር ብላ አየችኝ። ምን እንዳሰበች ከፊቷ አነበብኩ፤ ለማስረዳት ግን አቅም አልነበረኝም።

«ባልሽ ይወቅ» አለች ቀስ ብላ። «ተኝተሽ ዕረፊ፤ ብረት ያለው ነገር ብዪ።»

አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳምንቶቹን ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። በየትኛውም አቆጣጠር ያ ቀን ውስጡ ይገባል፤ ኮሪደሩ ውስጥ ስቆም ሁለት ነበርን።

በዚያው ሳምንት ለባሌ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ብዬ ጀመርኩና ቀጥሎ ስለ እጄ መጻፍ ሆነብኝ። አንዱን ሳልጽፍ ሌላውን መጻፍ አልቻልኩም። ቀደድኩት። ለዕረፍት ስመለስ በአካል እነግረዋለሁ አልኩ። ተመለስኩ። ቤት ውስጥ እንግዶች ነበሩ፤ አንዷ የሩቅ ዘመድ ሆዴን አየት አድርጋ «ትምህርት አይወልድ» አለች። ባሌ ምጣዱን ከእሳት እንደሚያወርድ ሰው ረጋ ብሎ «እሷን ተዪያት፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። እኔ ቆጮ እየቆረስኩ ነበር። መቁረሴን ቀጠልኩ።

ያን ቀን ዝም ካልኩ በኋላ ሁለተኛው ቀን ቀለለኝ፤ ከዚያ ዓመት ሆነ።

በማሰልጠኛው ቤተ መጻሕፍት ስለ ራጅ የሚያወራ መጽሐፍ ፈልጌ አግኝቻለሁ። የደረት ራጅ ማህፀን ላይ የሚያደርሰው ነገር እጅግ ጥቂት እንደሆነ፣ ጽንስ ያስወርዳል ተብሎ እንደማይታሰብ፣ ብዙ ጽንስ ደግሞ በዚያ ጊዜ ምክንያቱ ሳይታወቅ እንደሚወርድ ይላል። አመንኩት፤ አሁንም አምናለሁ። ራጁ ገድሎት ይሆን የሚለውን ጥያቄ መጽሐፉ መለሰልኝ። ሌላኛውን ግን የትኛውም መጽሐፍ አይመልሰውም፤ ስለኔ እንጂ ስለ ራጅ አይደለምና።

አስተማሪ ሆኜ ቤሌ ተመደብኩ። የአንደኛ ክፍል ልጆችን ፊደል አስቆጠርኩ። ጽንስ እንደገና አልመጣም። የባሌ እናት ታመሙና ሞቱ። ለቅሶው ላይ አንዲት አልቃሽ «የልጅሽን ዘር ሳታዪ» እያለች ሙሾ ስታወርድ ባሌ ከሰው መሃል ተነሥቶ ወደ ጓሮ ሄደ። ተከትዬው ሄድኩ። እንሰቱ መሃል ቆሟል። አሁን እነግረዋለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ «ሰው ይጠብቅሃል» አልኩት።

አርባ ዓመቴ ላይ ደም ይበዛብኝ ጀመር። የቤሌ ሐኪም ሆዴን ዳስሶ አልትራሳውንድ እንድነሣ ወደ ሶዶ ላከኝ። ይህኛውም የራሱ ወረቀት አለው። ከምርመራው አንድ ሰዓት በፊት አምስት ብርጭቆ ውኃ መጠጣት፤ ሽንት አለመሽናት። ፊኛ ሲሞላ ማህፀን ጥርት ብሎ ይታያል አሉን። በዚህ ጊዜ ባሌ ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ መጣ። የላስቲክ ጠርሙስና አንድ ብርጭቆ ይዞ፣ ኮሪደሩ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ፣ በልኩ እየቀዳ አጠጣኝ።

አምስተኛውን ስጨርስ መብራት ጠፋ።

«ጄኔሬተር እስኪነሣ ታገሡ» አሉን።

ከጎኔ ከሁምቦ የመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። «ስንት ጠጣሽ ልጄ?» አሉኝ።

«አምስት፣ እማማ።»

«እኔም አምስት ነበር የጠጣሁት። ሁለቱን ሽንት ቤት ሄጄ አስቀምጬ መጣሁ። ለሐኪሟ እንዳትነግሪብኝ።»

ባሌ ሳቀ። እኔም ሊያመልጠኝ ሲል ጉልበቴን አጣበቅሁ። «አታስቀኝ» አልኩት።

«እኔ ምን አልኩ? እሳቸው ናቸው።»

«ዝም በል፣ ዝም በል።»

ቆይቶ አሮጊቷን ልጃቸው ወደ ውጭ ወሰደቻቸው፤ አልቻሉም መሰለኝ። ሁለታችን ቀረን። ባሌ ብርጭቆውን በመሐረብ እያደረቀ፣ የቤቱን አድራሻ እንደሚናገር ሰው ነገረኝ።

«ሐኪሟ ስለ ልጅ ትጠይቅሻለች። እንዳትሳቀቂ። ጥፋቱ የባሌ ነው በያት። ከፈለግሽ እኔው ገብቼ እነግራታለሁ፤ ጆሮ ደግፍ እንደነበረብኝ።»

ጸጉሩ በጆሮ ግንዱ በኩል ሸብቶ ነበር። የማያውቃት ሐኪም ፊት ሊናገረው ተዘጋጅቶ መጥቷል።

«ጥፋቱ ያንተ አይደለም» አልኩት።

«እሺ፣ የእግዚአብሔር ነው።»

«አንድ ጊዜ አርግዤ ነበር።»

ብርጭቆውን ማድረቁን አላቆመም። እጁ ግን ቀስ በቀስ እየዘገየ ሄዶ ቆመ።

«መቼ?»

«ማሰልጠኛ የገባሁ ዓመት። ኅዳር ላይ ወረደ።»

ከዚያ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከኔ?» አለ።

አልተቆጣሁም። አሥራ ሦስት ዓመት ዝም ያለች ሴት በዚህ ልትቆጣ አትችልም።

«ካንተ ነው። ለራጁ ቀሚስ ስትሰፋልኝ ሆዴ ውስጥ ነበር።»

ጄኔሬተሩ ተነሣ። በሩ ተከፍቶ ስሜ ተጠራ። እሱ ቀና አላለም፤ እኔ ገባሁ።

ሐኪሟ ወጣት ነበረች። አልጋው ላይ ተጋደምኩ፤ ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችና መሣሪያውን ከእምብርቴ በታች ስትጫነው ውኃው ሊፈነዳብኝ ደረሰ።

«እርግዝና ነበረ?»

«አንድ። ወርዷል።»

«ልጅ?»

«የለኝም።»

ቀና ሳትል ጻፈችው። የጠየቀችኝ ሥራዋ ስለሆነ ብቻ ነው፤ የመለስኩላትን ያህል ግን በሕይወቴ ከባድ ጥያቄ መልሼ አላውቅም። ስክሪኑን ትንሽ ወደኔ አዞረችው። ግራጫ ነበር፤ ደብዛዛ። በጣቷ ሦስት ክብ ጥላዎች አሳየችኝ። ማዮማ ነው አለች፣ የማህፀን ዕጢ፤ ክፉ አይመስልም፤ የላከሽ ሐኪም ይወስናል። እነዚያን ጥላዎች ሳይ ሞት አልታየኝም። ውጭ ያለው ሰው ነበር የሚታየኝ።

ከሽንት ቤት ስመለስ አግዳሚው ላይ አልነበረም። ጠርሙሱና ብርጭቆው ነበሩ። ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት።

«ክፉ አይደለም ብለዋል» አልኩት።

«ተመስገን።» ቀጥሎ «እናቴ ሳትሰማ ሞተች» አለ።

«አዎ።»

«ጓሮ ድረስ መጥተሽ ነበር። ለቅሶው ላይ።»

«መጥቼ ነበር።»

«ለምን፣ ታዲያ?»

ስለ ኮሪደሩ ነገርኩት። ስለ ሰልፉ፣ ስለ ልጅቷ ወሬ፣ ስለ ማተቡ፣ ስለ ጥያቄው። አንዳች አላስቀረሁም። ቆሜ ነበር የምነግረው፤ እሱ አፈሩ ላይ በጭራሮ መስመር እየሠራ ይሰማል።

«አውቀሽ ነበር?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። «ማወቄን አላውቅም። ብዋሽህ ይቀለኝ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ተስማምቶ ይሁን ደክሞት አልገባኝም። ይቅር አላለኝም፤ አልረገመኝምም። ተነሣና ሱሪውን አራግፎ መንገድ ጀመረ። መናኸሪያ ድረስ እኔ ሁለት እርምጃ ከኋላው ነበርኩ። መኪናው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አንድ የቤሌ ነጋዴ ከኋላ ወንበር ሆኖ ሲቀልድበት፣ እንደ ሌላ ጊዜው አልመለሰለትም። ፀሐይ ወደ ማዘንበሉ ነበር።

ቤሌ ወርደን የገበያውን ሜዳ ስናቋርጥ ቆመ። ሰው አልነበረም፤ ባዶ መደቦች ብቻ።

«ወንድ ነበር ሴት?» አለ።

«ገና ነበር። አይለይም።»

«አይለይም» አለ ቀስ ብሎ። የአልትራሳውንዱን ወረቀት የያዘውን ፖስታ ከእጄ ወሰደና በብብቱ አድርጎ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ከዚያ እስክደርስበት ድረስ ቆሞ ጠበቀኝ።